ከዝናብ ድምፅ ሥር ስለተደበቀው ቃል

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)

ቢስሚላሂ-ር-ረሕማኒ-ር-ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።

  

ለዛሬው ንግግራችን መነሻ የሆነን ከምዕራብ ጎንደር ቆላማ ምድር፣ ከቋራ ወረዳዋ ከተማ ከገለጉ የደረሰን የአንዲት እናት ጥያቄ ነው። የእናታችን ልጅ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነው። ማታ ማታ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ሰክቶ ይተኛል። የሚያዳምጠው ንግግር አይደለም፣ ዜማም አይደለም፤ የዝናብ ድምፅ ብቻ ነው። «ይህ ምን ያደርግልሃል?» ቢሉት፣ ከዝናቡ ሥር ጆሮ የማይሰማው ቃል እንደተቀበረበት፣ ቃሉም «ጎበዝ ነኝ፤ ያነበብኩትን አልረሳም» የሚል እንደሆነ፣ በእንቅልፍ ልብ ውስጥ ገብቶ ያነበበውን ሁሉ እንደሚያስታውሰው ነገራቸው። ከጓደኛው ስልክ የወሰደው ነው። በሰፈሩም ይኸው ዓይነት ድምፅ «ለፈውስ» ተብሎ ከስልክ ወደ ስልክ እየተላለፈ መሆኑን እናታችን ሰምተዋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። አንደኛ፣ ነገሩ እውነት ይሠራል ወይ? ሁለተኛ፣ የማላውቀው ቃል ልጄ ጆሮ ውስጥ ሲገባ አእምሮውን ይጎዳብኛል ወይ? ሦስተኛ፣ በዲናችን እንዴት ይታያል? ጥያቄዎቹ የብዙ ወላጆች ጥያቄዎች ስለሆኑ አንድ በአንድ እንመልከታቸው፣ ኢንሻአላህ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ይህ ዓይነቱ ድምፅ ሰብሊሚናል ይባላል። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ከደፍ በታች» ማለት ነው። ደፍ የምንለው የበር መግቢያውን ነው። ጆሯችን እንደ ቤት ደጅ ነው ብለን ብንወስድ፣ ደፉን ተሻግሮ የገባውን ድምፅ ሰማነው እንላለን፤ ከደፉ በታች የቀረውን ግን አንሰማውም። አዘጋጆቹ ታዲያ «ቃሉን ከደፍ በታች አድርገን እናስቀምጠዋለን፤ ንቁው አእምሮ ባይሰማውም የውስጡ አእምሮ ይቀበለዋል» ይላሉ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ ሰው አጫጭር አረፍተ ነገሮችን ይቀርጻል። ከዚያ ድምፁን እጅግ ዝቅ ያደርገዋል፤ ወይም እስከማይለይ ድረስ ያፈጥነዋል፤ ወይም ወደ ኋላ ያዞረዋል። በላዩ ላይ የዝናብ፣ የባሕር ሞገድ ወይም የሙዚቃ ድምፅ ይደርብበታል። አድማጩ የሚሰማው የላይኛውን ብቻ ነው። ከሥሩ ምን እንዳለ የሚያውቀው የሠራው ሰው ነው። አድማጩ የሚያውቀው በፋይሉ ስም ላይ የተጻፈለትን ብቻ ነው። ውድ አድማጮቻችን፣ ይህችን ነጥብ ያዙልን፤ ኋላ ወደ ዲናችን ስንመጣ እንፈልጋታለን።

ወሬው ከየት ተነሣ?

እ.ኤ.አ በ1957 ጄምስ ቪካሪ የተባለ አሜሪካዊ የገበያ አጥኚ ለጋዜጠኞች አንድ አስገራሚ ነገር ተናገረ። በኒው ጀርዚ ግዛት፣ ፎርት ሊ በምትባል ከተማ በሚገኝ ሲኒማ ቤት፣ ፊልም በሚታይበት ጊዜ «ፈንዲሻ ብሉ»፣ «ኮካ ኮላ ጠጡ» የሚሉ ጽሑፎችን ዓይን ሊያያቸው በማይችል ፍጥነት ብልጭ እንዳደረገ ገለጸ። ፍጥነቱም የአንድ ሰከንድ ሦስት ሺህኛ ነበር። በዚህም የፈንዲሻው ሽያጭ ከግማሽ በላይ፣ የኮካ ኮላው ደግሞ 18 ከመቶ ያህል ጨመረ አለ።

ዓለም ደነገጠ። ሰው ሳያውቅ በአእምሮው ላይ ሌላ ሰው ሊያዝበት ነው ተባለ። ነገር ግን ሌሎች ሰዎች ሙከራውን ደግመው ሲያዩት የተባለው ውጤት አልተገኘም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1962፣ ቪካሪ ራሱ አድቨርታይዚንግ ኤጅ ለተባለ መጽሔት በሰጠው ቃል፣ የሰበሰበው መረጃ ከቁጥር የሚገባ እንዳልነበረና ነገሩ ገበያ ለመሳብ የተደረገ እንደነበር አመነ።

የሚያሳዝነው ውሸቱ በአንድ ቀን ዓለምን ሲያዳርስ እርማቱ ግን ተከትሎ አለመድረሱ ነው። እነሆ ዛሬ፣ ከስድሳ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ፣ የፈንዲሻው ታሪክ እንደ እውነት ይተረካል። የሰማነውን ሳናጣራ የማስተላለፍን አደጋ ቁርአን በሱረቱል ሑጁራት ያስጠነቀቀን ለዚህም ጭምር ነው።

ካሴቶቹ በተመራማሪዎች ሲፈተሹ

በ1980ዎቹ ወሬው ከሲኒማ ወደ ካሴት ዞረ። ክብደት ለመቀነስ፣ ሲጋራ ለማቆም፣ ለማስታወስ ችሎታ፣ በራስ ለመተማመን እየተባለ በአሜሪካ ብዙ ካሴት ተሸጠ። ከዚያ ተመራማሪዎች ገቡበት።

እ.ኤ.አ በ1988 በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የሆኑት ፊሊፕ ሜሪክል በገበያ ላይ የነበሩ ካሴቶችን በድምፅ መመርመሪያ መሣሪያ አዩዋቸው። በመረመሯቸው ካሴቶች ውስጥ ንግግር ነው ሊባል የሚችል ምልክት አላገኙም። አድማጮችም ቃል ተቀብሮበታል የተባለውን ካሴት ምንም ከሌለበት ካሴት መለየት አልቻሉም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1991፣ አንቶኒ ግሪንዋልድ፣ አንቶኒ ፕራትካኒስና ባልደረቦቻቸው የበለጠ ግልጽ የሆነ ሙከራ አሳተሙ። ዘዴያቸው ማንም ሰው ሊረዳው የሚችል ነው። ሁለት ዓይነት ካሴት ወሰዱ፤ አንደኛው ለማስታወስ ችሎታ፣ ሁለተኛው ራስን ለማክበርና ለመተማመን የሚባል ነው። ከዚያ በከፊሎቹ ላይ ስሙን አቀያየሩት። «የማስታወስ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካሴት ውስጡ የመተማመን ሆነ፤ የመተማመኑም እንዲሁ። ሰዎቹ ለአንድ ወር ያህል አደመጡ። ከማድመጣቸው በፊትና በኋላም ተፈተኑ።

ውጤቱስ? ካሴቱ አመጣው የሚባል ለውጥ አልታየም። ነገር ግን ከሰዎቹ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት በካሴቱ ሽፋን ላይ በተጻፈው ነገር ተሻሽለናል ብለው አሰቡ። ውስጡ ሌላ ሆኖ ሳለ ሽፋኑ ላይ «ማስታወስ» ስለተጻፈ «ማስታወሴ ጨመረ» አሉ። ስለዚህ የሠራው የተደበቀው ቃል ሳይሆን በግልጽ የተጻፈው ስም ነበር። ሰው ተስፋ ያደረገውን ነገር በራሱ ላይ ያያል።

ለሚዛናዊነት ሲባል አንድ ነገር መናገር ይገባናል። ከደፍ በታች የሆነ ነገር በሰው ላይ ፈጽሞ ምንም አያደርግም ማለት ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ በ2006 በኔዘርላንድ ዮሃን ካሬማንስና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት፣ የአንድ መጠጥ ስም በኮምፒዩተር ላይ ለቅጽበት ብልጭ ሲደረግ፣ ቀድሞውኑ የጠማቸው ሰዎች ያንን መጠጥ ወደ መምረጥ ዘንበል ብለዋል። ያልጠማው ግን አልተነካም። እንግዲህ ለቅጽበት የታየ አንድ ስም የተጠማን ሰው ምርጫ ሊያዘነብል ይችል ይሆናል። ከዚህ ተነሥቶ የማይሰማ ንግግር ኬሚስትሪና ሒሳብ ያስታውሳል፣ በሽታ ይፈውሳል ማለት ግን ከጠብታ ውኃ ባሕር መሥራት ነው።

ለምን አይሠራም?

በመኸር ወቅት በወፍጮ ቤት ወረፋ የጠበቀ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል። ሞተሩ እየጮኸ ሳለ አጠገብህ ያለው ሰው ቢያንሾካሽክ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለህ እንጂ ቃሉን አትይዘውም። ትኩረት ስላላደረግህ አይደለም። ትልቁ ድምፅ ትንሹን ስለዋጠው፣ ቃሉ ተለይቶ ወደ ውስጥ ስላልደረሰ ነው። ያልደረሰን ቃል ደግሞ የትኛውም አእምሮ፣ የውጭ ይባል የውስጥ፣ ትርጉም ሊሰጠው አይችልም። የፈጠነውና የተገለበጠውም እንዲሁ ነው። ቋንቋን የምንረዳው በተለመደው ፍጥነቱና ቅደም ተከተሉ ሲመጣልን ነው።

ሌላም አለ። ኤምፒስሪ የሚባለው የድምፅ ፋይል በሜሞሪ ካርድ ላይ ቦታ እንዳይፈጅ ተጨምቆ የሚቀመጥ ነው። የሚጨመቅበትም መንገድ በትልቅ ድምፅ የተዋጠውን፣ ጆሮ የማይሰማውን ክፍል እየቀነሰ በመጣል ነው። ስለዚህ ከዝናቡ ሥር ቃል ቢቀመጥ እንኳ፣ ፋይሉ ሲጨመቅ መጀመሪያ ሊጣል የሚችለው ያ ቃል ነው። ከስልክ ወደ ስልክ ሲዘዋወር የከረመው ፋይል የያዘው ዝናብ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ወላጅ ሊፈራ ይገባልን?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንምጣ። በአንድ በኩል ተስፋ አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ፍርሃት አለ። አንዳንድ ወላጆች «በዘፈን ውስጥ ወደ ኋላ የተቀረጸ ቃል አለ፤ ልጆቻችንን ያሳብዳል፣ ከዲናቸው ያስወጣል» ሲባል ይሰማሉ።

ይህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሷል። እ.ኤ.አ በ1985 በአሜሪካ ኔቫዳ ግዛት ሁለት ወጣቶች በራሳቸው ሕይወት ላይ እጃቸውን አነሡ። አንደኛው ወዲያው ሞተ፤ ሁለተኛው ክፉኛ ተጎድቶ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈ። ቤተሰቦቻቸው ጁዳስ ፕሪስት የተባለው የሙዚቃ ቡድን በዘፈኑ ውስጥ «አድርገው» የሚል የተደበቀ ቃል አስገብቶ ልጆቻችንን ገደለብን ብለው ከሰሱ። ጉዳዩ እ.ኤ.አ በ1990 በሬኖ ከተማ ታየ። ዳኛው የተሰማው ድምፅ ሆን ተብሎ የተደበቀ ሳይሆን የተለያዩ ድምፆች ሲገጣጠሙ የተፈጠረ መሆኑን፣ እንዲህ ያለ ድምፅም ሰውን ለዚያ ተግባር እንደሚዳርግ በሳይንስ አለመረጋገጡን ገልጸው ክሱን ሳይቀበሉት ቀሩ።

ከዚያም በፊት እ.ኤ.አ በ1985 ቮኪና ሪድ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች ወደ ኋላ የተገለበጠ ንግግርን ፈትሸዋል። ሰዎች የተገለበጠውን ንግግር ትርጉም ሊያውቁት አልቻሉም፤ በአመለካከታቸውም ላይ ለውጥ አላመጣም። ነገር ግን «እዚህ ላይ እንዲህ የሚል ቃል አለ» ብሎ አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ሲኖር ብዙዎቹ «አዎ፣ ሰማነው» አሉ። ሰሚውን ያሳተው የነጋሪው ቃል ነው።

ስለዚህ እናታችን፣ የማይሰማው ቃል ልጅዎን እንዳያሳብደው አይስጉ። የዘፈን ብያኔ ራሱን የቻለ ርዕስ ነው፤ ዑለማዎቻችን በየደርሱ ያብራሩታል። ልጅን ከመጥፎ ነገር የምንጠብቀው ግን በእውነተኛው ምክንያት እንጂ ባልተረጋገጠ ወሬ አይደለም። ልጁ ወሬው ሐሰት መሆኑን ያወቀ ዕለት እውነተኛውንም ምክራችንን አይሰማንም።

ዲናችን ምን ይለናል?

ወንድሞችና እህቶች፣ ፈትዋ የመስጠት ድርሻ የዑለማዎች ነው። እኛ የምናስታውሰው እነርሱ ቀድመው ያስቀመጡትን መሠረት ነው።

በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ሶሐባው ዐውፍ ኢብኑ ማሊክ አል-አሽጀዒ (ረ.ዐ) በጃሂልያ ዘመን ስለሚጠቀሙበት ሩቅያ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠየቁ። የአላህ መልክተኛም ሩቅያቸውን እንዲያቀርቡላቸው ጠየቁ፤ ሽርክ እስከሌለበት ድረስም ችግር እንደሌለው ነገሯቸው። እንግዲህ አስተውሉ። ከመፍቀድ በፊት ቃሉ ይቅረብ ተባለ። ታላቁ ዓሊም ኢብኑ ሐጀር በፈትሑል ባሪ ዑለማዎች የተስማሙባቸውን ሦስት መስፈርቶች ዘርዝረዋል። ሩቅያው በአላህ ቃል ወይም በስሞቹና በባሕርያቱ መሆን አለበት፤ በዐረብኛ ወይም ትርጉሙ በሚታወቅ ቋንቋ መሆን አለበት፤ የሚጠቅመውም በአላህ ፈቃድ እንጂ በራሱ ኃይል አይደለም ተብሎ መታመን አለበት።

አሁን ያቺን ያዙልን ያልናችሁን ነጥብ አምጡ። የተደበቀው ቃል ሊቀርብ አይችልም። አድማጩ አይሰማውም፤ ኡስታዙ ሊመረምረው አይችልም፤ ከስሙ በቀር ማስረጃ የለውም። በአገራችን በቆዳ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ክታብ ታውቃላችሁ። የታሰረለት ሰው ውስጡ ምን እንደተጻፈ አያውቅም፤ እንዳይከፍተውም ይነገረዋል። ዑለማዎቻችን ስንት ዘመን ስለዚህ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ይህኛው ክታብ በቆዳ ፈንታ በዝናብ ድምፅ የተሰፋ መሆኑ ካልሆነ ምን ልዩነት አለው?

ይህን ስንል ያዳመጠውን ልጅ ሁሉ ሙሽሪክ እያልን አይደለም። አላህ ይጠብቀን! ብዙዎቹ እንደ ጥናት ዘዴ ቆጥረውት፣ ሳያውቁ ያደረጉት ነው። ነገር ግን ማስረጃ የሌለውን ነገር ለጥቅም ማመን፣ ምንነቱን የማናውቀውን ቃል ለልባችን መጋበዝ ለሙእሚን አይገባም። ቁርአን በሱረቱል ኢስራእ ዕውቀት የሌለንን ነገር እንዳንከተል አስጠንቅቆ ጆሮም፣ ዓይንም፣ ልብም ተጠያቂ መሆናቸውን ያስታውሰናል። አጠራጣሪውን ትቶ ወደማያጠራጥረው መሄድም የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምክር ነው።

«ከሥሩ ያለው ቁርአን ከሆነስ?» የሚል ይኖራል። እንዲህ ተብለው የተዘጋጁም አሉ። መልሱ ቅርብ ነው። ቁርአን በሚቀራበት ጊዜ ጸጥ ብለን በጥሞና እንድናዳምጠው በሱረቱል አዕራፍ ታዘናል። የወረደውም አንቀጾቹን እንድናስተነትንባቸው መሆኑ በሱረቱ ሷድ ተነግሮናል። ከዝናብ ሥር የተቀበረ፣ ማንም የማያዳምጠውና የማያስተነትነው ቂርአት ይህን አደብ እንዴት ያሟላል? የአላህ ቃል ሊደበቅ አልወረደም። ይልቅ ልጁ ከመተኛቱ በፊት አየተል ኩርሲይንና ሙዐዊዘታይንን ራሱ በአንደበቱ ይቅራ።

ዱዓና «እኔ እንዲህ ነኝ» ማለት

በፋይሎቹ ውስጥ አለ የሚባለው ቃል «እኔ ብርቱ ነኝ፣ ምንም አያቅተኝም» የሚል ነው። በግልጽ ቢነገርስ ይጠቅማል? እ.ኤ.አ በ2009 ጆአን ዉድና ባልደረቦቻቸው በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ባሳተሙት ጥናት፣ ለራሳቸው ዝቅተኛ ግምት ያላቸው ሰዎች ስለ ራሳቸው ጥሩ ጥሩ ቃል እንዲደጋግሙ ሲደረጉ ስሜታቸው አልተሻለም፤ እንዲያውም ባሰባቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልቡ ያላመነውን ነገር አንደበቱ ሲናገር፣ ልቡ በውስጡ ይሟገተዋል።

ዱዓ ከዚህ ይለያል። ዱዓ የሚጀምረው ድክመትን በማመን ነው። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ) ወደ ፊርዓውን ሲላኩ ጌታቸው ደረታቸውን እንዲያሰፋላቸው፣ ነገራቸውን እንዲያገራላቸው፣ የምላሳቸውን ቋጠሮ እንዲፈታላቸው ለመኑ፤ ይህ በሱረቱ ጣሀ ተወስቷል። ቀጥለውም ወንድማቸው ሃሩን አጋዥ እንዲሆናቸው ጠየቁ። ከዚያም ተነሥተው ሄዱ። ፍርሃታቸውን አልደበቁም፤ ሰሚ ለሆነው ጌታ ተናገሩት፤ ሰበቡንም አደረሱ። ተፈታኙ ልጃችን ይህን ዱዓ ተምሮ ከፈተናው በፊት ቢለው፣ ምን እንደሚል ያውቃል፣ ማን እንደሚሰማውም ያውቃል።

ጉዳቱ ወዴት ነው?

«የማይጠቅም ከሆነ አይጎዳም፤ ተዉት ያዳምጥ» የሚል ሰው ይኖራል። ጉዳቱ ግን በሌላ በር ይመጣል።

የመጀመሪያው ፈተናው ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ 3.2 ከመቶ ሆኑ። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ ከፍ ቢልም ፍርሃቱ በየቤቱ አለ። የፈራ ልጅ አቋራጭ ቢፈልግ አይገርምም። ነገር ግን «ሌሊት ይገባልኛል» ብሎ ቀን ያላነበበው ገጽ በፈተናው ቀን አያድነውም። እንቅልፍም ቀን የተማርነው በአንጎላችን ውስጥ የሚጸናበት ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጆሮ ላይ የሚጮኽ ድምፅ ያንን እንቅልፍ ሊሰብር ይችላል። ለማስታወስ ብሎ የማስታወሻውን ጊዜ ያበላሻል ማለት ነው።

ሁለተኛውና የከፋው «ለፈውስ» የሚባለው ነው። ቋራና መተማ፣ እስከ ሑመራ ድረስ ያለው ቆላ የወባና የካላዛር አገር ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በጥቁር አፈር ስንጥቅና በግራር ሥር ትገኛለች። በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ ወርደው ሜዳ ላይ የሚያድሩ ሠራተኞች ይበልጥ ይጋለጣሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ በግራ በኩል የጣፊያ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ይህ በሽታ ካልታከመ ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሆነውን ይገድላል። ከታከመ ግን ይዳናል። እንዲህ ያለ ትኩሳት የያዘው ሰው ጆሮው ላይ የዝናብ ድምፅ ሰክቶ አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ቢጠብቅ ያ ድምፅ ገዳዩ ነው። ቃል ስለተደበቀበት ሳይሆን ከጤና ጣቢያ ስላስቀረው። መድኃኒት መፈለግ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትምህርት ነው፤ ተወኩልም ሰበብ ከማድረስ ጋር ነው።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። መጀመሪያ በነፃ ይሰጣል፤ ቀጥሎ «ይህኛው ይበልጥ ኃይለኛ ነው» ተብሎ ይሸጣል። ገዢው የገዛውን አይሰማውም፤ ሻጩም ምን እንደሸጠ አይጠየቅም። ዲናችን ምንነቱ ያልታወቀን ነገር መሸጥን ገረር ብሎ የከለከለው ይህን ለመሰለ ነው።

ምን እናድርግ?

እናታችን፣ ስልኩን ከልጁ እጅ አይንጠቁት። ተቀምጠው ያናግሩት። ከዝናቡ ሥር ያለውን ቃል ያውቀው እንደሆነ ይጠይቁት። ካወቀው መደበቁ ለምን አስፈለገ? ካላወቀው ደግሞ የማያውቀውን ነገር ለምን አመነ? ካላመነዎት ቤት ውስጥ ይፈትኑት። አንድ ዘመዱ ቃል አለበት የተባለውን ፋይልና ተራ የዝናብ ድምፅ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ስማቸውን በቁጥር ይቀይርና የትኛው የትኛው እንደሆነ ይለይ። አሥር ጊዜ ይሞክረው። በግምት ካልሆነ እንደማይለየው ራሱ ያየዋል።

ከዚያ የሚጠቅመውን ያሳዩት። በቁርአን ቤቶቻችን ደረሳው ትምህርቱን በሉህ ላይ ጽፎ ይሐፍዛል። ሉሁን ከማጠቡ በፊት ከኡስታዙ ፊት ቀርቦ፣ ሳያይ ያሰማል። የተሳሳተው ይታረምለታል፤ ነገም ይደግመዋል። እ.ኤ.አ በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ጽሑፍን ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ካነበቡ በኋላ ራሳቸውን ከቃላቸው የፈተኑት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የበለጠ አስታውሰዋል። አያቶቻችን በሉህ ሲሠሩበት የኖሩት ይኸው ነው። ልጁ የባዮሎጂውንም የታሪኩንም ምዕራፍ አንብቦ መጽሐፉን ይዝጋና ለእርስዎ ይንገርዎት። ትምህርቱን ባያውቁትም ግድ የለም፤ መጽሐፉን ይዘው ይቀመጡለት፣ ሲያቆም «ቀጥል» ይበሉት። ዒሻን ሰግዶ በጊዜ ይተኛ፤ ለፈጅር ይነሣና ራሱ ሳይደክም ያንብብ።

ለታላላቆቻችን፣ ለኡስታዞችና ለመድረሳ ኃላፊዎች ደግሞ ይህን እንላለን። ልጆቻችን አቋራጭ የሚፈልጉት ሰነፍ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ስለፈሩና የሚያስጠናቸው ስላጡ ጭምር ነው። በየመስጂዱ ቅጥር ከመግሪብ እስከ ዒሻ ያለውን ጊዜ ለተፈታኞች የጥናት ጊዜ ብናደርገው፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተመለሱት ወንድሞችና እህቶች ቢያግዟቸው፣ አንድ መብራትና ጥቂት ወንበር ስንቱን ልጅ ያተርፋል!

አላህ (ሱ.ወ) ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጥልን። ደረታቸውን ያስፋላቸው፤ ከባዱን ያግራላቸው። ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን። በድንበርም በመሐል አገርም ላሉ ወገኖቻችን ሰላምን ያውርድልን። ጆሯችንን ከከንቱ፣ ልባችንን ከወስዋስ ይጠብቅልን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።